ሰረዝ የጠፋበት ዜማ

«አመለሸጋ ሆን ብላ ነው እንጂ፣ ጤነኛ ሰው እንዲህ ዓይነት መዝሙር አያስጠናም» አለ ዋርዮ።

ሀዋኦ ይህን ስትሰማ በሻምሳ ሱቅ ውስጥ፣ እስከ ጣሪያው ከተደረደረው የማካሮኒ ካርቶን ጀርባ ቆማ ለሙሽራዋ መኪና ነጭ ሪባን ትመርጥ ነበር። ዋርዮ ከካርቶኑ ወዲያ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆሟል፤ እሷ እዚያ መኖሯን አላወቀም። ሻምሳ ታውቃለች፤ በዓይኗም በቅንድቧም ልትጠቅሰው ሞክራለች፤ ነገር ግን ዋርዮ አንዴ ወሬ ከጀመረ የሰው ቅንድብ የሚያይ ዓይነት አይደለም። የፕላስቲክ ጫማ በማዳበሪያ እያሰረ ከኬንያው ሞያሌ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ሲመላለስ የሚውል፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ሀዋኦ በምትመራው የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ በወፍራም ድምፁ የሚታወቅ ሰው ነው። ትናንት እዚያ ማዶ ደርሶ፣ በአመለሸጋ የሚመሩት የማዶ መዘምራን ሴቶች ለዛሬው ሰርግ ሲለማመዱ በመስኮት ሰምቷቸዋል። «አንድ ቃል ይሉና ጭጭ። ግማሽ ቃል ይሉና ጭጭ። እኔማ መብራት የሚጠፋባቸው መስሎኝ ነበር። ሀዋኦ በሰው ፊት ስላረመቻት ቂም ይዛ ነው፣ ስሚኝ ሻምሳ፤ ዛሬ በሙሽራዋ ፊት እህቷን መሳቂያ ልታደርጋት ነው።» ሻምሳ «ሀራም ነው፣ በእህት ላይ እንዲህ አይወራም» ብላ ጮክ አለች፤ ጮክ ያለችውም ከካርቶኑ ጀርባ ላለችው ጭምር ነበር። ሀዋኦ ሪባኑን ይዛ ብቅ ስትል ዋርዮ የሚገባበት ጠፋው። «ምዋሊሙ፣ ነጌያ?» አለ፣ መምህርነቷን በስዋሂሊ፣ ሰላምታውን በቦረንኛ አድርጎ። እሷ ሰላሳ ሺሊንጓን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ «አራት ሰዓት ትምህርት ቤት እንገናኝ፤ እንዳትቀር» ብቻ ብላው ወጣች።

ከሱቁ እስከ ቤቷ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ነገሩ ግን እስኪበቃት ከነከናት። ቂሙ እውነት ነው፣ ማን ይክደዋል? ከሁለት ዓመት በፊት በፋሲካ የሁለቱ ሞያሌ መዘምራን አብረው ሲዘምሩ፣ ታላቅ እህቷ አመለሸጋ ከቦታዋ ቀድማ ዜማው ውስጥ ገባች። ሀዋኦ አስተማሪ ናትና እንደ አስተማሪ አደረገች፤ እጇን አንስታ ሁሉንም አስቆመችና ምእመናኑ እየሰሙ «እትዬ፣ ቀደምሽ። እንደገና» አለች። እንደገና ተዘመረ፤ አመለሸጋ ግን አፏን አልከፈተችም። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ ሰላምታ የሚላላኩት በሰው ነው። በአንዱ ሞያሌና በሌላው መካከል ያለው አንድ የብረት መዝጊያና ጥቂት እርምጃ ነው፤ ሁለቱ ግን ናይሮቢና አዲስ አበባ እንዳሉ ሆነው ኖሩ።

ቤቷ ውስጥ ደግሞ መቆሚያ ቦታ የለም። ሳሎኑ በተከራዩት ወንበር ተሞልቷል፣ መኝታ ቤቱ በአክስትና በአክስት ልጅ፣ ኮሪደሩ ከማዶ በመጣ የለስላሳ ሣጥን። ሙሽራዋ ዳርሚ ፀጉሯን በቢጎዲን አስይዛ፣ በቤት ቀሚስ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በወተት የፈላ ቻይ ውስጥ ማንዳዚ የሚሉትን የዘይት ጥብስ ዳቦ እያጠቀሰች ትበላለች። ዳርሚ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። የትምህርቱን ጊዜ በሀዋኦ ቤት፣ የዕረፍቱን ጊዜ በአመለሸጋ ቤት እየሆነች አድጋለች፤ የትኛዋን እናቴ እንደምትል ሲጠይቋት የምትስቅ ልጅ ናት። ሰርጓ ሲቆረጥ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልእክት ላከች፤ ብርድ ልብስ አልፈልግም፣ ብረት ድስትም አልፈልግም፣ የባሌ ቤተሰቦች በር ላይ ሁለታችሁ አንድ ላይ ሆናችሁ ዘምሩልኝ፤ ካልሆነ ያለ መዝሙር እገባለሁ። ልጅቷ ያለችውን እንደምታደርግ ሁለቱም ያውቃሉ። ሀዋኦ መዝሙሩን ራሷ ደረሰችና ለማዶዎቹ ላከችው፤ ተራርቀው ተለማምደው ዛሬ ጠዋት ብቻ ሊገናኙ ተስማሙ። «እታባዬ አመለሸጋ መጣች?» አለች ዳርሚ ማንዳዚውን እያላመጠች። ሀዋኦ «ትመጣለች» አለችና ፊቷን ወደ ሪባኑ አዞረች። ዳርሚ ነገር ገብቷታል፤ ቻይዋን ጨርሳ ሌላ ማንዳዚ አነሳች።

የማዶዎቹ ሴቶች አራት ሰዓት ሳይሞላ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበሩ። የሰርግ ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው በነጠላ ጫማ መጥተዋል። የጠረፉ መዝጊያ ላይ ያለው ዘበኛ መታወቂያ እንኳ አልጠየቀንም፣ እልል በሉልኝ ብሎ ነው ያሳለፈን እያሉ ገና ከበሩ ይስቃሉ። አመለሸጋ ከኋላ ናት። ረጅም፣ ደልዳላ፣ ስትራመድ የማትቸኩል ሴት ናት፤ ስማቸውን ስትሰማ እህትማማች አይመስሉህም፣ ለትልቋ እናት፣ ለትንሿ አባት ስም ስላወጡላቸው፤ ፊታቸውን ስታይ ግን አንድ ሰው በሁለት ዕድሜ ነው። ሁለቱ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ። ሌላው ሁሉ ቆሞ ያይ ስለነበር መሳሳሙ ረዘመ፤ ከዚያ አመለሸጋ ሴቶቿን ይዛ ሀዋኦ ወደምታስተምርበት ክፍል ገባችና በመስኮቱ በኩል ተሰለፈች፤ የሀዋኦዎቹ በጥቁር ሰሌዳው በኩል።

መዝሙሩ እንዲህ የሚል ነበር፤ ደጁን ክፈቱልን፣ መጣች ልጃችን። ሀዋኦ የጻፈችው ኬንያ ውስጥ መዘምራን ሁሉ በሚያውቁት አጻጻፍ ነው። ዶ ሬ ሚን በየስማቸው የመጀመሪያ የላቲን ፊደል ትጽፋለህ፤ በምትና በምት መካከል ሁለት ነጥብ ታስገባለህ፤ ሰረዝ ካየህ የያዝከውን ድምፅ ትጎትታለህ፤ ባዶ ቦታ ካየህ ትንፋሽህን ይዘህ ዝም ትላለህ። ከሥር ቃሉ እያንዳንዱ ከድምፁ ትይዩ ይቀመጣል። ሁለቱም እህትማማቾች በልጅነታቸው ከአንድ የሚሲዮን መምህር ነው የተማሩት። ሀዋኦ እጇን አነሳችና አስጀመረች። የሰሌዳው ወገን «ደጁ-ን» ብሎ ሞቅ አድርጎ ጎተተው። የመስኮቱ ወገን «ደጁ» አለና ጭጭ። የሰሌዳው ወገን ገና ሲጎትት የመስኮቱ ወገን «ንክፈ» ብሎ ዘለለና መልሶ ጭጭ። የሰሌዳዎቹ «ክፈቱ-ልን» ላይ ሲደርሱ የመስኮቶቹ «ቱልንመ» ላይ ነበሩ። አንድ ሴት በሳቅ ፈነዳች። ዋርዮ ምን ብዬ ነበር በሚል ዓይን ሀዋኦን አያት። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ያው። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ዘማሪ አቁሞ ሀዋኦን ማየት ጀመረ፤ አራሚዋ እሷ ናትና ምን እንደምትል ይጠብቃሉ።

እውነቱን ለመናገር «ተሳሳታችሁ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ምላሷን ነከሰችው። አንዲት ቃል ከወጣች ዳርሚ ያለ መዝሙር ትገባለች፣ እህቷም ይህን ግቢ ዳግመኛ አትረግጥም። እንዲህ ተጨንቃ ስታይ ነው የአመለሸጋን እጅ ያየችው። የግራ እጇ ጣት በወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል ይሄዳል፤ ቀኝ እጇ ጭኗን ይመታል፤ በዘፈኑ ቦታ ሳይሆን በዝምታው ቦታ። እያንዳንዷን የዝምታ ምት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። የሚሳለቅ ሰው እንዲህ አይቆጥርም። ሀዋኦ ክፍሉን አቋርጣ ሄደችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ወረቀትሽን ልየው?» አለች።

አመለሸጋ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ምነው፣ አጠፋሁ?»

«ኧረ አንቺ አይደለሽም። ብቻ ልየው።»

ወረቀቱ በፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ በእርሳስ ምልክት ታጭቋል። ሀዋኦ ከራሷ ጋር ጎን ለጎን ይዛ አየችው። የእሷ ላይ ፊደሎቹ ተራርቀው፣ እኩል እኩል ቦታ ይዘው፣ ረጃጅም ሰረዞች በመካከላቸው ተዘርግተዋል። የአመለሸጋ ላይ አንዲት ሰረዝ የለችም። ሰረዝ ሁሉ በነበረበት ባዶ ነው። ፊደሎቹም ሌሎች ናቸው፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ ተጠጋግተው የተሰፉ፤ ከሥር ያለው ቃል ደግሞ ወደ ግራ ተስቦ ከማይመለከተው ድምፅ ሥር ገብቷል። ሀዋኦ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ወረቀቶቹን ሁለቱንም ያዘችና «ነይ፣ ይህን የተየበልኝ ዴኒስ ጋ እንሂድ» አለች እህቷን፤ ለምን እንደሆነ ሳትነግራት። ዘማሪዎቹን እዚያው ትተው ወጡ። ከሁለት ዓመት ወዲህ አብረው የሄዱት የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው፤ በአቧራውና ቦዳ ቦዳ በሚሏቸው የኪራይ ሞተሮች መሃል ተራርቀው ሄዱ፤ አንድ ሞተር አጠገባቸው ሲከንፍ ግን አመለሸጋ የእህቷን ክንድ ይዛ ወደ ዳር ሳበቻት፤ ከዚያም ክንዱን መልቀቅ ረሳች።

ዴኒስ ከታች ከኬንያ መሃል አገር የመጣ፣ አማርኛን ከሾፌሮች የተማረ፣ ፎቶ ኮፒም ጉርድ ፎቶም ኮምፒውተርም በአንዲት ጠባብ ክፍል የያዘ ሰው ነው። ሁለቱን ወረቀቶች አይቶ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። «ዋ፣ ፖሌ ሳና! በጣም ይቅርታ፣ ጥፋት የእኔ ነው» አለ። ከዚያ አስረዳቸው። እሱ በራሱ ኮምፒውተር ሲተይበው እንደ ድሮው የጽሕፈት መኪና ሁሉም ፊደል እኩል ቦታ የሚይዝበትን ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጽ፣ መርጦ ነበር፤ ድምፅና ቃል ትይዩ የሚቆሙት ለዚያ ነው። ሰረዟን ደግሞ ረዘም ብላ እንድታምር ከሌላ ፎንት አመጣት። አሥር ቅጂ እንደታተመ የማተሚያው ቀለም አለቀ፤ እዚህ አንዱ ገጽ አሥር ሺሊንግ ነው፣ ማዶ በአንድ ብር ይታተማል ብሎ መዝሙሩን በፍሎፒ ዲስክ ለሀዋኦ ሰጣት፤ እሷም በዋርዮ ላከችው። የማዶው ኮምፒውተር ሁለቱም ፎንቶች የሉትም። «ኮምፒውተር ደግሞ አያፍርም ምዋሊሙ። የለኝም አይልም፤ ያለውን ያለብሰዋል። ይሄ ኤም ሰፊ ነው፣ ይሄ ኤል ቀጭን፣ ባዶ ቦታው ጠባብ፤ ስለዚህ ቃሉ ሁሉ ሸሸ። ሰረዟን ደግሞ ፈልጎ አጣት፤ ባዶ አድርጎ አለፈ።» ሀዋኦ ገባት። ጎትቱ ብላ የጻፈችበት ቦታ ሁሉ ማዶ ሲታተም ዝም በሉ ሆኗል። ወረቀቱን ለሰው ማስያዝ ሲገባት፣ ራሷም ይዛ መሻገር ስትችል፣ እህቷን ላለማየት ፍሎፒ በዋርዮ ኪስ ላከች።

«አሁን መብራት አለ፤ ቀለምም አለ። ላትምላቸው» አለ ዴኒስ።

አመለሸጋ ራሷን ነቀነቀች። «ምን ያደርጋል? ከሴቶቹ ይህን የሚያነቡት ሦስት ናቸው። የቀሩት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእኔ አፍ ነው የያዙት። በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዴት አድርጌ ከውስጣቸው አወጣዋለሁ?»

ሀዋኦ አያቻት። «እትዬ፣ ግን እንዴት አልጠረጠርሽም? ይሄ እኮ መዝሙርም አይመስልም።»

«ጠረጠርኩ እንጂ!» አለች አመለሸጋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ። «በመጀመሪያው ቀን ነው ያልኩት። ሴቶቹም አሉ፤ ይሄ ሊሆን አይችልም፣ እንደ ልባችን እንበለው አሉ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ሀዋኦ የተማረች ናት፣ ዝም በሉ ያለችን ቦታ ዝም እንላለን አልኳቸው። ዳግመኛ ከመስመርሽ እንዳልወጣ ምዬ ነበር። አንዷ ቀድማ ስትገባ እየተቆጣሁ፣ ልጅቷ ያለ መዝሙር እንዳትገባ ብዬ፣ ውሃ ስቀዳ ስቆጥር፣ ሽንኩርት ስከትፍ ስቆጥር...» ቀሪውን አልጨረሰችውም። የራሷ ነገር አሳቃትና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

ሀዋኦ አልሳቀችም። ይህች ሴት፣ በጆሮዋ ስህተት መሆኑን እያወቀች፣ ትንሽ እህቷ ጽፋዋለች ብላ ብቻ ያንን ጉድ ሦስት ሳምንት ጠብቃ ኖራለች። ከዚህ የበለጠ እሺታ ሀዋኦ በማስተማር ዘመኗ ሁሉ ከአንድም ተማሪ አላገኘችም። በፋሲካው ቀን ያላፈረችውን አሁን በዴኒስ ፎቶ ኮፒ አጠገብ ቆማ አፈረች፤ ማፈሩም ደስ የሚል ነገር ነበረበት፣ ምክንያቱም እህቷ አጠገቧ ናት። የአመለሸጋን ወረቀት ከፕላስቲኩ አወጣችና ለዴኒስ ሰጠችው።

«ይሄን አሥር ኮፒ አርግልኝ።»

«ምዋሊሙ፣ ይሄ እኮ ስህተቱ ነው!»

«አውቃለሁ። እሱን ነው የምንዘምረው።»

አመለሸጋ «አብደሻል እንዴ?» አለች። ሀዋኦ ግን ኮፒው ገና ትኩስ እንደሆነ ነጥቃ ወጥታለች።

ያን ቀን በትምህርት ቤቱ ክፍል የነበረ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያወራው ይህን ሰዓት ነው። ትክክለኛውን መዝሙር የያዙት ስህተቱን ሊማሩ፣ ስህተቱን የያዙት ደግሞ አስተማሪ ሊሆኑ ሆነ። አመለሸጋ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆመች፤ ሀዋኦ ተማሪዎቿ በሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ጉልበቷ አልገባ ብሏት በጎን ተቀመጠች። «አሁን ዝም» ትላለች አመለሸጋ ጭኗን እየመታች፣ «ዝም፣ ዝም፣ ዝም... አሁን ንክፈ!» የማዶዎቹ ሴቶች ሲቆጥሩ ዓይናቸው እንኳ አይርገበገብም። የወዲህዎቹ ግን መጎተት ለምደዋልና ድምፁ ከጉሮሯቸው እያመለጠ ያስቸግራል፤ ከሁሉም የባሰው ዋርዮ ነበር። ለዋርዮ ዝም ማለት ራሱ አዲስ ትምህርት ነው። አመለሸጋ ከሰልፉ አውጥታ ብቻውን አስደገመችው፤ ሰውዬው በግንባሩ ላብ አውጥቶ፣ ሁለት ጉንጩን ነፍቶ፣ ሦስት ምት ጸጥ ብሎ ሲያበቃ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። በሳቅና በእንባ መካከል ሆነው ስድስት ሰዓት ሲሆን አንድ ሆኑ። የሚገርመው፣ እየተደጋገመ ሲመጣ ያ የተቆራረጠ ነገር ወግ ያዘ፤ ዝምታው ቦታ ቦታውን ሲያገኝ እግር ያስመታል።

ስምንት ሰዓት ላይ የሙሽራው የሀልካኖ ቤተሰቦች ቤት፣ በኦዳ መንገድ፣ አረንጓዴው የብረት በር ፊት ቆሙ። ነጭ ሪባን የታሰረባት ቶዮታ ከኋላቸው ናት፤ ዳርሚ በመስኮቷ አንገቷን አስግጋለች። በሩ እንደ ወጉ ተዘግቷል፤ መዝሙሩ ሳያልቅ አይከፈትም፤ በውስጥ የሙሽራው አጎት የሆነ ቃሊቻ የሚባል ሽማግሌ መቀርቀሪያውን ይዞ ቆሟል። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ሻምሳም ሱቋን ዘግታ መጥታለች። ሀዋኦ አስጀመረች። «ደጁ...» አሉና ጭጭ። ቃሊቻ መዝሙሩ ያለቀ መሰለው፤ መቀርቀሪያውን ቀጭ አድርጎ በሩን ገርበብ አደረገ። «...ንክፈ!» ሲሉ ደንግጦ ድርግም። ሰው ሳቀ። እንደገና ጭጭ ሲሉ ሽማግሌው በሩን ከፈተ፤ «ቱልንመ!» ሲሉ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመው? በየዝምታው በሩ ይከፈታል፣ በየቃሉ ይዘጋል፤ በቀዳዳው የቃሊቻ ነጭ ጥምጥም ብቅ ጥልቅ ይላል፤ የሙሽራው ወገን ሴቶችም ነገሩ ገብቷቸው ዝምታ በመጣ ቁጥር እልልታቸውን ያቀልጡታል። ዳርሚ መኪናው ውስጥ ሆና በሳቅ እያለቀሰች የተቀባችው ኩል በጉንጯ ወረደ።

ሀዋኦ ይህን አየች። በመጨረሻው ስንኝ ላይ፣ ረጅሙ ዝምታ ሊመጣ ሲል፣ ዞር ብላ የልጅቷን ፊት አየችና ቆጠራው ከእጇ ወጣ። ሁሉም ጭጭ ባለበት፣ እልልታውም ለትንፋሽ በቆመበት ሰዓት የእሷ ድምፅ ብቻውን «መጣች!» ብሎ ወጣ። ጥርት ያለ፣ ከፍ ያለ፣ ሁለት ምት የቀደመ ድምፅ። ቃሊቻ በሩን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ሰው ሁሉ ሰማ። የማዶዎቹ ሴቶች አፋቸውን ገጥመው አመለሸጋን አዩ፤ ቆጠራው ገና ነው፣ ቆጠራው ሳያልቅ የገባ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያውቃሉ። የሀዋኦ ፊት ቀላ፤ ወደ ኋላ መመለስ የለ፣ ወደ ፊት መሄድም ብቻዋን።

አመለሸጋ ጭኗን የምትመታበትን እጅ አቆመች። አልቆጠረችም። ደረቷን ሞላችና ከእህቷ ድምፅ ሥር ገብታ «መጣች ልጃችን!» ብላ አነሳችው፤ በዚያው በተሳሳተው ቦታ፣ ከእሷ እኩል፣ ከዚያ ሁሉ ዝምታ ወዲያ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። ሴቶቿ አንድ አፍታ ተያዩ፤ ወዲያው እንደ ጎርፍ ተከተሏት። ዋርዮ ሲፈቀድለት ጊዜ ያመቀውን ሁሉ ለቀቀው። ወረቀት የተመለከተ ሰው አልነበረም። እየጎተቱ፣ እያረዘሙ፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ ድረስ ዘመሩት፤ አረንጓዴው በር በሁለቱም በኩል ወለል ብሎ ተከፈተ፤ መኪናዋም በሰው መካከል ቀስ እያለች ገባች።

ሀዋኦ እህቷን በነጠላዋ ያዘቻት። «እትዬ፣ በሰው ሁሉ ፊት አበላሸሁት እኮ።»

«መቼ?» አለች አመለሸጋ፣ የፌስታሉን ጫማ አውጥታ አቧራውን እያራገፈች። «እኔ ምንም አልሰማሁም። ያዥኝ እስቲ ጫማዬን ላጥልቅ፤ ሩዙ ሳያልቅ እንግባ።»